የካርቲየ ሰባት አቧራ

ጫላቸው ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ነፍሱ ነበር። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ካለ ኢንተርኔት ቤት ጥግ ይዞ ለባለሱቆች ድረ ገጽ ይሠራል። ሽቶ ሻጭ ይምጣ፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ይምጣ፣ ለሁሉም ቀይ ፊደል ብልጭ ድርግም ያደርግለታል፣ ኮከብ ያዘንብለታል። «ደንበኛ ካልደነገጠ አይገዛም» ይላል እየሳቀ። ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ጅቡቲ ውስጥ የማይብለጨለጭ ገጽ እንዳላለቀ ሥራ ነበር የሚቆጠረው።

ይመኙሻል ግን ያን ሁሉ ጉድ በአንድ ዓይኗ ነበር የምታየው።

ሆዳን በሚባለው ሰፈር ማዳም ዙለይካ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ እረፍቷ ስለሆነ ደሴ ካለው ወንድሟ ጋር ለመጻጻፍ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ትመጣለች። የቤቱንም መክፈቻ ገጽ የሠራው ጫላቸው ነውና፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲከፈት ኮከቦቹ ይዘንባሉ፤ እሷም ቶሎ ብላ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ጥርቅም ታደርጋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። የሚብለጨለጭ ብርሃን እንደሚቀሰቅስባት ሐኪሙ ነግሯት፣ ድንገት ካጋጠማት አንድ ዓይኗን በደንብ እንድትሸፍን መክሯታል። ይህን ጅቡቲ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ለማን ይነገራል? ማዳም ብትሰማ ታባርረኛለች ብላ ትሰጋለች፤ ከማዳም ይልቅ ደግሞ ጫላቸው እንዳይሰማ ትፈራለች፤ ወዳዋለችና።

«እህቴ፣ ዓይንሽን ምን ሆንሽ?» አላት የመጀመሪያ ቀን።

«አቧራ ገብቶብኝ ነው።»

በሚቀጥለው ዓርብም አቧራ ገባ። ከዚያ በኋላ ባለውም።

«የካርቲየ ሰባት አቧራ ካንቺ ሌላ ሰው አያውቅም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ግን ቀልዶ አልተወውም። ወንበሯን ከበሩ አራቀላት፣ መስኮቱን በላስቲክ ሸፈነው፣ ከፋርማሲ የዓይን ጠብታ ገዝቶ መጣ። በዚያ ቃጠሎ መስኮት ዘግቶ ሲያልበው ስታየው ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት። ለውሸቴ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ለእውነቴማ ምን ሊሆን ነው? አለች በልቧ፤ አፏ ግን እሺ አላላትም።

እንዲህ እያሉ ተላመዱ። ዓርብ ከሰዓት ባሕሩን ይዘው መንሸራሸር ጀመሩ። እዚያ ሁለቱንም ዓይኖቿን ያያል፤ ሲያያቸው የጀመረው ወሬ ይጠፋበታል።

አንድ ዓርብ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣት። «ላንቺ የሠራሁት ነው። አደራሽን፣ ዛሬ እጅሽን አንሺና በደንብ እዪልኝ።»

ስሟ ነበር። ስክሪኑን የሞላ ቀይ ጽሑፍ፣ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። ፊቱን አየችው፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። እምቢ ብትለው የናቀችው ይመስለዋል። እጇን አወረደች።

ስትነቃ ወለሉ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ የጫላቸው ሸሚዝ ከራሷ ሥር ነው። አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ጎንበስ ብሏል። «ዞር በሉ፣ አየር ይግባ!» ይላል ጫላቸው፣ ሰዉን በእጁ እየገፋ። የሁሉንም ዓይን አየች፤ የእሱን ግን ማየት አልደፈረችም። አበቃ፣ አለች በሆዷ።

ወሬው ማዳም ዘንድ ደረሰ። ማዳም «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ከመገሠጽ በቀር ክፉ አልተናገረቻትም። ይመኙሻል ግን ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ድርሽ አላለችም፤ ጫላቸው ሲደውልም አላነሳችም። በመጨረሻ እሱው ሆዳን ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ከስቷል።

«አቧራው ጠፍቷል፤ መጥተሽ እዪ» አላት።

«አቧራ አልነበረም፣ ጫላቸው። የሚጥል በሽታ ነው። ነገም ሊጥለኝ ይችላል። እወቀውና ሂድ።»

«አውቄ ነው የመጣሁት። በይ ተነሺ።»

ወስዶ የሠራቸውን ገጾች አንድ በአንድ ከፈተላት። ኮከቦቹ የሉም። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ካለም ማቆሚያው አጠገቡ ተቀምጧል። ጫላቸው ሲያነብ ሰንብቶ፣ በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚብለጨለጭ ነገር፣ ይልቁንም ሰፊና ቀይ ከሆነ፣ ይህ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሊጥል እንደሚችል ተረድቷል። ከዚያም ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ባለቤቶቹን ለመነ። ሽቶ ሻጩ ዓብዱረዛቅ «ወላሂ፣ ሱቄን ልቅሶ ቤት አስመሰልከው!» ብሎ ጮኸበት፤ ሥራውንም ለሌላ ሰጠበት። ጫላቸው ፍንክች አላለም።

«ለእኔ ብለህ እንጀራህን ትዘጋለህ?» አለችው።

«በአንቺ ነው የጀመርኩት። ግን ሳላየው በየቤቱ ስንቱን ሰው ጥዬ ይሆን? እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።»

ይመኙሻል ቀና ብላ አየችው። ደንበኛ ማስደንገጥ ይወድ የነበረ ሰው፣ አይቶት ለማያውቀው ሰው ሲጨነቅ! እንዲህም ያለ ሰው አለ እንዴ? ኮራችበት።

መጨረሻ ላይ የእሷን ገጽ ከፈተው። በነጭ ላይ በጥቁር የተጻፈ፣ የማይነቃነቅ ጽሑፍ ነው፦ «ይመኙሻል፣ ታገቢኛለሽ?»

እጇ በልማድ ወደ ዓይኗ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ወረደ። በሁለቱም ዓይኖቿ አነበበችው። ከዚያ ዞር ብላ በሁለቱም ዓይኖቿ እሱን አየችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው?» አለ ጫላቸው ተርበትብቶ። «አቧራ ገባብሽ እንዴ?»

«አገባሃለሁ» አለችው እየሳቀች። «አቧራም ገብቶብኛል፤ ጠብታህን አምጣ።»