የተለጠጠው ማኅተም

የፕላስቲክ ፋብሪካው የጥራት ተቆጣጣሪ ሽማግሌ ከመወጣጫው ሥር ሲሚንቶው ላይ ሞቶ ተገኘ። ወገቡን ከመወጣጫው ጋር ያሰረበት የፕላስቲክ መታጠቂያ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሳይፈትን ውሃ እንኳ አይጠጣም ይባልለት ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ሚዛን» ይለው ነበር።

መርማሪዋ የሟቹን መሳቢያ ስትከፍት አንድ የምሳ ዕቃና ሁለት ማንኪያ አገኘች። ብቻውን የሚኖር ሰው ሁለት ማንኪያ ምን ያደርግለታል? እሷም ቤቷ የሚጠብቃት ሰው የላትም፤ ማታ ማታ የምታጥበው አንድ ማንኪያ ነው።

«ምኑ ያመራምራል?» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ቆራጯ ሠራተኛ እየጠቆመ። «መታጠቂያውን የቆረጠችው እሷ ናት። ትታሰር!»

ቆራጯ እንባዋ ቀደማት። «ልጆቼን ይንሳኝ! ጋሼ ዳምጠው የፕላስቲኩን ሉህ ራሳቸው አምጥተው ‹ለወዳጄ መታጠቂያ ቁረጪለት› አሉኝ። ቀስቱን ተከትዬ ቆረጥኩ።»

«የምን ቀስት?»

«ሉሁ በመዳመጫው ማሽን ተጨፍልቆ ሲያልፍ ውስጡ ያለው ደቃቅ ክሪስታል ወደሄደበት ይሰለፋል። በዚያ በኩል ቢጎትቱት በሬም አይበጥሰው። በአግድሙ ከሆነ ግን እንደ ማገዶ ይሰነጠቃል። ቀስቱ የተዳመጠበትን አቅጣጫ ያሳያል።»

«የሚስለውስ ማን ነው?»

«መዳመጫውን የሚያንቀሳቅሱት ናቸው፤ ጋሼ ዳምጠው።»

መርማሪዋ የመታጠቂያውን ስንጣሪ ወደ መስኮት ወስዳ አገላበጠችው። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁን፣ ቆራጯንና ዳምጠውን መዳመጫው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«የፋብሪካው ማኅተም መቼ ነው የሚታተመው?»

«ሉሁ ሳይዳመጥ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ክብ ነው።»

«እዚህ ስንጣሪ ላይ ግን እንቁላል መስሏል። መዳመጫው ሉሁን ሲለጥጥ ማኅተሙንም አብሮ ይለጥጠዋል። እንቁላሉ የረዘመው በመታጠቂያው ወርድ ነው፤ ቀስቱ ግን በቁመቱ ተስሏል። ማኅተሙን የለጠጠው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ መዋሸት አያውቅም። ቀስቱን የሳለው የሰው እጅ ነው። ልጅቱ ያሳዩዋትን ቆረጠች።»

ሁሉም ወደ ዳምጠው ዞሩ። ቀልድ የማያልቅበት ያ ሽማግሌ አንገቱን ደፋ።

«ሚዛን ‹ዓይኑ ደክሟል፣ ጣቱን ሳያጣ ጡረታ ይውጣ› ብሎ ጻፈብኝ» አለ በመጨረሻ። «ቤቴ ገብቼ ከማን ጋር ላወራ? ከዚህ ማሽን ሌላ ማን አለኝ?»

መርማሪዋ ሁለቱን ማንኪያዎች ከኪሷ አውጥታ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች።

«ሁሉን የሚፈትን ሰው ይህን መታጠቂያ ለምን ሳይፈትን ታጠቀው እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ። ከእርስዎ እጅ ስለተቀበለው ነው። አንደኛው ማንኪያ የማን ነው?»

ሽማግሌው አንደኛውን ማንኪያ አነሳ።

«የኔ» አለ።