ሃኒ የደበቀችው እጅ

«እስቲ እጅሽን አሳይኝ» አለች ፋርሂያ።

ሃኒ ቀኝ እጇን የሥራ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ምንም አይደል። ትናንት ሳምቡሳ ስጠብስ ዘይት ተፈናጥቆብኝ ነው።»

«አንቺ ደሞ መቼ ነው ሳምቡሳ የምትጠብሺው?»

«አቦ አታድርቂኝ። አንዳንዴ እጠብሳለሁ።» ሃኒ ሳቀች። ፋርሂያም ሳቀችና ነገሩን ተወችው።

ሁለቱ ጓደኛሞች አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሱ ክረምቱን ማሠልጠኛ መዋል ጀምረዋል። የሚማሩት የፍሪጅና የኤሲ ጥገና ነው። ቀድማ የተመዘገበችው ፋርሂያ ናት። እናቷ ናስራ የግመል ወተት ትሸጣለች፤ አንድ በጋ ፍሪጃቸው ተበላሽቶ ወተቱ ሁሉ ተደፋ። ጠጋኙ መጥቶ የፍሪጁን ጀርባ ሲከፍት ፋርሂያ አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪጨርስ አልተነሳችም። ከዚያ ወዲህ የፍሪጅ ድምፅ በሰማች ቁጥር ውስጡ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ታስባለች። ሃኒ ደግሞ ፋርሂያ በተመዘገበች ማግስት መጥታ ተመዘገበች። ለምን ተብላ ስትጠየቅ መልሷ «ፋርሂያ ካለች እኔም አለሁ» ነበር።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። ፋርሂያ ቤቷ የምታወራው ሶማልኛ ነው። አማርኛም አሳምራ ትችላለች፤ ስትጽፍማ ከሃኒ ትበልጣለች። ግን የማታውቀው ሰው ዓይኑን ሲተክልባት ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ያኔ ሃኒ «እሷ ማለት የፈለገችው» ብላ ትገባለች። ሱቅ ውስጥም፣ አስተማሪ ፊትም፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ሲከራከሩም ተናጋሪዋ ሃኒ ናት።

ሥልጠናው ወደ ማለቁ ነው። ከዚራ ሰፈር የጥገና ቤት ያላቸው አቶ ኢስሃቅ ሁለት ሠልጣኞች ወስደው ሥራ ላይ ሊያስተምሩ ተስማምተዋል። አሠልጣኙ መምህር ግሩም ለዚህ ያሰቧቸው ፋርሂያንና ሃኒን ነው። የቀረው ነገ ጠዋት የሙያ አማካሪዋ ወይዘሮ ሰርካዲስ ጋ ቀርቦ ፍላጎትን መናገር ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፋርሂያ የመዳብ ቱቦዎቹን ስትሰበስብ፣ ከጎናቸው የሚሠራው ናሁሰናይ ጠጋ አላት።

«የሃኒ እጅ ተሻለው?»

«ዘይት እኮ ነው፤ ቀላል ነው አለችኝ።»

«የምን ዘይት? ትናንት አንቺ ለሶላት ስትወጪ የብየዳ ተራዋ ደረሰ። የመበየጃው ቶርች እሳቱ ቦግ ሲል ደነገጠችና የጋለውን ቱቦ በባዶ እጇ ያዘችው። ከዚያ ‹ለፋርሂያ እንዳትነግራት› ብላ አስማለችኝ።» አፉን በእጁ ያዘ። «ኧረ፣ ነገርኩሽ ለካ።»

ፋርሂያ ቱቦዎቹን እንደያዘች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ክረምቱን ሙሉ ስታየው የነበረው ነገር አሁን ገባት። ሃኒ መብራት ትይዛለች፤ መፍቻ ታቀብላለች። ቶርቹ መንፋት ሲጀምር ግን ውሃ ላምጣ ብላ ትወጣለች። «ጥፍሬን ተቀብቻለሁ፤ የእኔንም አንቺ በይጂልኝ» ስትላት፣ ፋርሂያ ቶርቹ እጇ ላይ ስለሚቆይላት ደስ እያላት ትበይድላት ነበር። አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀቻትም።

ሌላም ሐሳብ መጣባት። ዝም ብትልስ? አብረው አቶ ኢስሃቅ ቤት ይገባሉ። ሃኒ ደንበኞቹን ታናግራለች፤ እሷ ደግሞ ፍሪጁ ሥር ተደፍታ ትሠራለች። ማንም ምንም አይላቸውም። ሐሳቡ እንዴት እንደሚመች ሲታወቃት አፈረች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሮ የደቻቱ ወንዝ ሞልቷል። ድልድዩ ላይ ሰው ተደርድሮ ድፍርሱን ውሃ ያያል። እነሱም ቆሙ። ሃኒ የገዛችውን ኦቾሎኒ በግራ እጇ ታካፍላታለች።

«ቶርቹን ትፈሪዋለሽ አይደል?» አለች ፋርሂያ።

ሃኒ ማኘኳን አቆመች። «ናሁሰናይ ነው። አፉ አያርፍም።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«እለምደዋለሁ ብዬ።»

«ካልለመድሽውስ?»

«እና ብቻሽን ልትገቢ ነው? ያ ሁሉ ወንድ መሃል? ደንበኛ መጥቶ ፍሪጄ ምን ሆነ ሲልሽ መሬት መሬት እያየሽ ልትቆሚ?» ሃኒ ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም። ያሰበችላት ነገር ነው። ለዚያም ነው ፋርሂያን ይበልጥ የነካት። «አብረን ብለናል፣ አብረን ነው። አለቀ።»

ሃኒ የቀረውን ኦቾሎኒ ፋርሂያ መዳፍ ላይ ገለበጠችላት።

በማግስቱ ወይዘሮ ሰርካዲስ በር ላይ ሆነው ሁለቱንም አንድ ላይ ጠሯቸው። ቢሮው ጠባብ ነው፤ አንድ ማራገቢያ ቀስ እያለ ይዞራል። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መምህር ግሩም ስለ እናንተ ብዙ ነግሮኛል» አሉ ወይዘሮ ሰርካዲስ። «ግን ከራሳችሁ መስማት እፈልጋለሁ። በዚሁ ሙያ መቀጠል ነው የምትፈልጉት?»

ሃኒ እንደ ልማዷ ቀደመች። «አዎ፣ እኛ ሁለታችንም...»

«እኔ ልናገር» አለች ፋርሂያ።

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጎልቶ ወጣ። ሃኒ ዞር ብላ አየቻት። ወይዘሮ ሰርካዲስም እሷን ያያሉ።

«እኔ አቶ ኢስሃቅ ጋ መግባት እፈልጋለሁ። ብቻዬን ቢሆንም እገባለሁ።» ቀጣዩ ቃል ጠፋባት። ፈለገችው። ሃኒ ልትረዳት አፏን ከፈት አደረገች፤ ፋርሂያ ግን ራሷን ነቀነቀችባት። ቃሉ መጣ። «ሥራውን እወደዋለሁ። ሃኒ ግን የራሷን ትናገር። ለእኔ ብላ ሳይሆን።»

ወይዘሮ ሰርካዲስ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ሃኒ፣ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሃኒ ፋርሂያን አየቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የተቆጣችም ትመስላለች፤ የሆነ ሸክም የወረደላትም ትመስላለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ፋርሂያ ሃኒን ቃል ጠፍቷት አይታት አታውቅም።

መልሱ ፋርሂያ ምላስ ላይ ነበር። ማራገቢያቸውን ለማስጠገን ማሠልጠኛው ድረስ የሚመጡ ሴቶች ሁሉ፣ ሃኒን ካላገኙ ደስ እንደማይላቸው ታውቃለች። ሃኒ ከሰው ጋር መዋል ነው የምትወደው። ሆቴል እንግዳ መቀበል፣ ሱቅ ማስተዳደር፣ እንዲህ ያለ ነገር። ልትለው ትችል ነበር።

አላለችውም። ወንበሯን ወደ ሃኒ ጠጋ አድርጋ ራሷ እስክትናገር ጠበቀቻት።