ባሌ «ወዬ» ያላት

እኔ መቼም መንፈስ፣ ጠሪ፣ ምናምን ሲባል ከትከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ «ተዉን እስቲ፣ ስለ ኑሮ እናውራ» የምለው እኔው ነበርኩ፣ ስለዚህ ፈሪ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ቅናተኛ ግን ነኝ፣ እሱን አልክድም፣ ባሌ ሳሚ ለጎረቤት ሴት ሰላምታ ሲያስረዝም እንኳን ሆዴ ይቃጠላል።

ሳሚ ወታደር ነው። የተመደበው ድንበር ላይ፣ ሁለቱም አገር የኔ ነው የሚለው ተራራ ጫፍ ላይ ካለ ምሽግ ነው፣ ውሃው ጀሪካን ውስጥ እንዳለ በረዶ ይሆናል ይለኛል፣ ኔትወርክ የሚገኘው ደግሞ ከምሽጉ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት እዚያ ላይ ቆሞ ይደውልልኛል። እኔ አዲስ አበባ፣ ባምቢስ ጋ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው፣ እሁድ ሙሽራ አይጠፋም፣ እጄ ስለማያርፍ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ መስታወቱ ስር አስቀምጠዋለሁ።

የዚያን ቀን ስለ ደመና እያወራኝ ነበር፣ ደመናው ከእግራቸው በታች እንደሚሄድ ምናምን፣ ከዚያ በወሬው መሃል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወዬ» አለ።

እመኑኝ፣ ደሜ ነው የፈላው። አለቃ ሲጠራው አቤት ነው የሚለው፣ ጓደኛ ሲጠራው ደግሞ «ምን ፈለግክ» ይላል፣ አውቀዋለሁ፣ ያቺ ለስለስ ያለችዋ ወዬ ግን የኔ ናት፣ ከተዋወቅን ጀምሮ ለእኔ ብቻ ነው የሚላት።

«እዚያ ተራራ ላይ ወዬ የምትላት ሴት አለች?» አልኩት።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የጠራሽኝ?»

«ሳምሶን፣ አታሞኘኝ።»

«እናቴን ስልሽ፣ ጠርተሽኛል። በስልኩ አይደለም፣ ማለቴ፣ ከኋላዬ ነው የጠራሽኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ምሽጉ ውስጥ አብሮት ያለ ግርማ የሚባል አስር አለቃ አለ፣ ቁጥሩ ስለነበረኝ መልእክት ላኩለት፣ እሱም ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ደወለልኝ። ሴት አለች ወይ ስለው ሳቀብኝ። «እህቴ፣ እዚህ እንኳን ሴት ዝንጀሮም ብርዱን ፈርቶ ወርዷል» አለኝ፣ ከዚያ ሳቁን ተወት አድርጎ፣ «እኛ እዚህ ስማችን ከውጭ ሲጠራ ሦስቴ እስኪደገም መልስ አንሰጥም፣ ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል። ሳምሶን ግን በአንዱ ነው ወዬ የሚለው፣ ብንመክረውም አልሰማን» አለኝ። እኔ ምን ልመን፣ ወንድ ለወንድ ሲሸፋፈን ነው አልኩ።

የሚቀጥለው እሁድ የአንዷን ሙሽራ ፀጉር እየሠራሁ ፒኖቹን በከንፈሬ ይዣለሁ፣ ሳሚ ያወራል፣ ከጀርባው ነፋሱ ቆርቆሮ ያንኳኳል። ድንገት ነፋሱ ቆመ፣ ቆርቆሮውም ዝም አለ፣ በቃ ጭጭ። ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ «ሳሚዬ» የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

አጠገቤ የምትሠራው ሄለን፣ «አንቺ፣ ስልክ ላይ እያለልሽ ምን ያስጠራሻል?» አለችኝ። ዞሬ ከንፈሬን አሳየኋት፣ ፒኖቹ እንዳሉ ናቸው። ማበጠሪያዋን አስቀምጣ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ድምፁ የኔ ነው፣ ሄለንም ሌላ ሰው መሰለኝ አላለችም። የሚያንገበግበኝ ግን ምን መሰላችሁ፣ ከኔ ይሻላል፣ ንዝንዝ የለው፣ ጥርጣሬ የለው፣ እኔ ሳሚን እንደዚያ አድርጌ ከጠራሁት ስንት ጊዜዬ።

ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ካዛንቺስ ቤታችን ቁጭ ብሎ ሳሚ ስለው አይዞርም፣ ትከሻውን ስነካው ነው ብንን የሚለው። ወደ ከተማ እንዲዛወር ተፈቅዶለት ነበር፣ እምቢ ማለቱን የነገረኝ ከመስቀል ፍላወር በእግራችን ስንመለስ ነው። ለምን ስለው መንገዱ ላይ ቆመ።

«እዚያ ስትጠሪኝ ቀስ ብለሽ ነው» አለኝ።

ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ሴት ብትሆን ሄጄ ፀጉሯን እነጭላት ነበር፣ የራሴን ድምፅ ከየት አባቴ አግኝቼ ልጣላው? ራሴው በራሴ ቀናሁ፣ እንዲህ ዓይነት ውርደት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሳሚ ተመልሶ ሄደ። እኔም ቤት ውስጥ ብቻዬን መለማመድ ጀመርኩ፣ ድምፄን አለሳልሼ፣ ሳሚዬ፣ ሳሚዬ እያልኩ፣ ምን ላድርግ፣ ባሌ ነው። ባለፈው እሁድ ሲደውል ሌላ ወሬ ሳልጀምር ቀስ ብዬ ጠራሁት።

«አቤት» አለኝ።

እንደ ባዕድ፣ እንደ አለቃው። ምን እንደምለው ሳስብ ነፋሱ ቆመ፣ እና ከዚያው ስልክ ውስጥ፣ አሁን ከሩቅ ሳይሆን ከጎኑ፣ ያ ድምፄ፣ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለው።

«ከማንም» አላት ሳሚ።

መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን አወጣና አየዋለሁ፣ አልደውልም። እሷ ብታነሳው ምን እላታለሁ?