ያልተበላሸው ኮምፒውተር

ሄንሪኬ አሻወር በጀርመን አገር፣ በኢዛር ወንዝ ዳር ባለች አንዲት የባቫሪያ ከተማ፣ በማዘጋጃ ቤቱ የጋብቻ መዝገብ ክፍል ተቀምጣ አራት ዓመት ሙሉ ሌሎችን ስታጋባ ኖራለች። የራሷን ልብ ግን ያንኳኳ ሰው አልነበረም፤ ኮርቢኒያን ሌህነር እስኪመጣ ድረስ።

የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ የመጣውም ለሥራ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ኮምፒውተሮቹን የሚያንቀሳቅስ ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለቢሮ ሥራ ይሆን እንደሆነ በእሷ ክፍል ሦስት ወር ሊሞክር ወስኖ ነበር። ሙከራው ከተሳካ ኮርቢኒያን ይቀጥላል፤ ካልተሳካ ከነሲስተሙ ይሰናበታል።

በመጀመሪያው ሳምንት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስታትም፣ ሙሽሪት አንደኛው ገጽ ላይ ቀረች፤ ሙሽራው ሁለተኛው ላይ ወደቀ።

«አቶ ሌህነር፣ ሰዎቹን ሳይጋቡ አፋቱብኝ እኮ!»

እሱም ከጎኗ ተቀምጦ መስመሩን አስተካከለ። «ይኸው ወይዘሪት አሻወር፣ ታርቀዋል።»

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሄንሪኬ በቁሟ ታልም ጀመር፤ ወንዙ ላይ የሚተኛው ጭጋግ እንኳ ለእሷ ብሎ የመጣ ይመስላት ነበር።

ኮምፒውተሩም ይበላሽባት ጀመር። ዛሬ ፊደሉ አነሰ፣ ነገ ፕሪንተሩ አኮረፈ። እሱ መጥቶ ሲያየው ግን ሁሉም ደህና ነው።

«ለእርስዎማ ጨዋ ነው!» ትለዋለች።

እሱም ለመሄድ አይቸኩልም።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ፣ የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሃስልበርገር ሁለቱን ጠርታ ወረቀቶቿን ዘረጋች።

«አሥራ አንድ የብልሽት ጥሪ፣ ሁሉም ከአንድ ጠረጴዛ! በነጻ የመጣ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው። ደግሞ ከሚሸጠው ጋር ልወዳደር ይላል!»

«ነጻ ያልነው ማንም ከፍቶ አይቶ ሊያርመው ስለሚችል ነው» አለ ኮርቢኒያን። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ግን አሥራ አንዱን መካድ አልችልም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሄንሪኬ ግን እውነቷን የምታሳድርበት ጊዜ አልነበራትም። ዝም ብትል እሱን ታጣዋለች፤ ብትናገር የቢሮው መሳቂያ ትሆናለች።

«ሁለቱ እውነት ናቸው» አለች። «ዘጠኙ የኔ ናቸው። ምንም አልተበላሸም ነበር።»

«ታዲያ አቶ ሌህነርን ለምን ይጠሯቸው ነበር?»

ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ስጠራቸው ስለሚመጡ።»

ወይዘሮ ሃስልበርገር መነጽሯን አውልቃ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች። ከዚያ ዘጠኙን አንድ በአንድ ሰረዘች።

«በሦስት ወር ሁለት ብልሽት? አሮጌው ሲስተም እኮ ይህን ያህሉን በሳምንት ያመጣው ነበር። ይቀጥል» ብላ ወጣች።

ኮርቢኒያን እንደቆመ ቀረ። እዚያ አገር «እርስዎ» መባባልን እንተው ብሎ መጠየቅ የሴቷ ድርሻ ነው። ደስታው አፉ ላይ ደርሶ፣ የሚናገርበት ፈቃድ ግን አልነበረውም።

«እርስዎ መባባሉ ይብቃና» አለች ሄንሪኬ እጇን ዘርግታ፤ «እኔ ሄንሪኬ ነኝ።»

«እኔም ኮርቢኒያን።» እጇን አልለቀቀም። «አንቺ...» አለ፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሁሉ፤ «ዛሬስ የተበላሸ ነገር አለ?»

«ምንም የለም» አለችው። «ግን ና፣ ቁጭ በል።»