ሁለት ማስታወቂያ በአንድ ምሰሶ

ሄስተርና ኔድ የተዋወቁት በዝናብ መሃል፣ በአንድ የመብራት ምሰሶ ተጣልተው ነው። እኔ በእንግሊዝ አገር የአንድ ወረዳ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ የወረዳው ወሬ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ስለሚያርፍ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሄስተር በምክር ቤታችን የቤቶች ዕቅድ ባለሙያ ናት። በወረዳው ቤት የት እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚሠራ የሚወስነው ዕቅድ ላይ ሦስት ዓመት ለፍታለች። ያን ቀን ዊክም መንደር ዳር ካለው ሜዳ አጠገብ ማስታወቂያ ልትሰቅል ሄደች። ኔድ የዚያው መንደር ሰው፣ የሣር ክዳን ጣሪያ ሠሪ ነው፤ እሱም መሰላሉን ተሸክሞ የራሱን ሊሰቅል መጣ።

«ይቅርታ፣ ይሄ ምሰሶ የኛ ነው» አላት።

«የምክር ቤቱ ነው። ደግሞ ቀድሜሃለሁ።»

«ምን ይላል ያንቺ?»

«ሜዳው ላይ ሃምሳ ቤት ይሠራ ይላል። ያንተስ?»

«አንዲት ጎጆ እንኳ አትሠራም ይላል።»

ሄስተር ውሃውን ከግንባሯ ጠርጋ አየችው። ሳቋ መጣ።

«እንግዲያው ከኔው በታች ስቀለው፤ ሰው ሁለቱንም አንብቦ ይፍረድ።»

አስራ እስክትጨርስ ጃንጥላዋን ያዘላት። ገመድ ረስቶ ስለነበር እሷም ከራሷ ቆርጣ ሰጠችው። እንዲህ ዓይነት ጠላትነት እኔ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር፤ ግን ያ ዓመት የሹም ሽር ዓመት ሆነ። ለንደን ያሉት ሚኒስትሮች ወንበሩ እሾህ ያለው ይመስል ተቀምጠው ሳይሞቃቸው ይነሳሉ። አንዱ በየወረዳው ይሠራ የተባለው የቤት ቁጥር ግዴታ ነው ይላል፤ ተከታዩ ምክር ብቻ ነው ይላል፤ ሌላዋ ቁጥር የሚባል ነገር አልወድም ብላ ትጀምርና ንግግሯን ሳትጨርስ ትሄዳለች። ሄስተር በየጊዜው ዕቅዱን አርማ፣ አዲስ ማስታወቂያ ይዛ ወደ ምሰሶው ትሮጣለች። ኔድም የሷን ለማየት መጥቶ የራሱን ይለውጣል። ከሦስተኛው ሚኒስትር በኋላማ ሹም ሽር ተሰማ ሲባል እኛ ቢሮ ውስጥ እናለቃቅሳለን፣ ሄስተር መስታወት ታያለች።

መኸር ላይ ተዋደዱ። ሰው እንዳያያቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ከተማ ሄደው አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ምሳ ይበላሉ። ችግሩ ደንቡ ነው። ስብሰባ ሲከፈት ሰብሳቢው «ከጉዳዩ ወይም ከባለጉዳዮቹ ጋር ቅርበት ያለው ይናገር» ይላሉ፤ የተናገረ ከአዳራሹ ይወጣል። ሄስተር ከተናገረች ልፋቷን ሌላ ሰው ያቀርበዋል፣ ሊወድቅም ይችላል። ደብቃ ከተደረሰባት ደግሞ ዕቅዱም ሥራዋም ገደል ገባ ማለት ነው።

«ዝም ብንልስ?» አላት ኔድ፣ ሊጥ ውስጥ የተጋገረውን የሥጋ ፓይ በሹካ እያገላበጠ።

«አንተማ ዕቅዴ ቢወድቅ ደስታህ ነው።»

«ዕቅዱ ይውደቅ፤ ያ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። አንቺ እንድትወድቂ ግን አልፈልግም።»

«ሃምሳ ቤተሰብ በሰው ቤት ተጠግቶ እየኖረ?»

«ኧረ ባክሽ አሁን አትጀምሪኝ!»

«አንተ ነህ የጀመርከው!»

ተያዩ። ኔድ ሹካውን አስቀምጦ እጇን ያዘ፤ እሷም አልነጠቀችውም። ፓዩ ቀዘቀዘ።

የውሳኔው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በኔድ መሪነት ዕቅዱን የሚቃወሙት ጎረቤቶቹ አረንጓዴ ሹራብ ለብሰው የኋላውን ወንበር ይዘዋል። ሰብሳቢያችን ሚስተር ኦልድሮይድ መነጽራቸውን አስተካክለው ያቺኑ የዘወትር ጥያቄ ጠየቁ። አንዱ አባል የጎልፍ ክበብ አባል መሆኑን ተናገረ። ጉዳዩ ከጎልፍ ጋር ባይገናኝም ሁሌ ይናገራል፤ ስለዚህ የሚያስወጣው የለም።

ሄስተር ተነሳች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔም ቅርበት አለኝ። ሚስተር ኔድ ፋሮውን እወደዋለሁ።»

ብዕሬ ባለበት ቆመ።

«የ... የተቃዋሚዎቹን መሪ?» አሉ ሚስተር ኦልድሮይድ።

«አዎ፣ እሱን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ እሱ ምን አገባዎት!» ብላ አንዲት ባለ አረንጓዴ ሹራብ ከኋላ ጮኸች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደንብ ግን ደንብ ነው። ሄስተር ዶሴዋን ለአለቃዋ አስረክባ ወጣች። የሦስት ዓመት ልፋት እንዲህ ከእጅ ሲወጣ ማየት ያማል። አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ቀጣዩ ተናጋሪ ኔድ ነበር፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ጎረቤቶቹን አየ፣ በሩን አየ። እነሱን ሊከዳ አይችልም፤ እሷንም ውጭ ብቻዋን ሊተዋት አልቻለም። ስለዚህ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ጠባቡ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ መጨናነቅ ያዘጋጀውን ሁሉ የፈረስ ውድድር እንደሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ባንድ ትንፋሽ አወረደውና እየሮጠ ወጣ። እኔም «ተቃውሟቸውን አሰምተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ድምፅ ተሰጠ፤ ዕቅዱ በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ልነግራቸው ስወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ኮት ለሁለት ደርበው ቆመዋል።

«አለፈ!» አልኳቸው።

ሄስተር ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ኔድን አየችና ዘጋችው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት ጥርሱን ነክሶ።

«አዝናለሁ» አለችው፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነበር። አዳምጣ ስትጨርስ ትከሻዋ ወረደ።

«ሚኒስትሩ ለቀቁ። አዲስ እስኪሾም ዕቅድ ሁሉ ባለበት ይቁም ተብሏል።»

«ያንቺስ?» አላት ኔድ።

«አላለፈም፣ አልወደቀም። ቆሟል።»

«እስከ መቼ?»

«ሌላ ሚኒስትር እስኪመጣ።»

«እስከ ሐሙስ ነዋ!»

ሄስተር ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ኔድ እንባዋን በእጅጌው ጠረገላት፤ ሣር ሣር የሚሸት እጅጌ ነው።

«ሄስተር፣ ታገቢኛለሽ?»

«ሜዳውን መቃወም ታቆማለህ?»

«አላቆምም።»

«አቆማለሁ ብትል እምቢ ልልህ ነበር። አገባሃለሁ።» ከዚያ እንባዋ ሳይደርቅ ወደኔ ዞረች። «ማሪያን፣ ይሄንንም ቃለ ጉባኤ ላይ ያዢልኝ። የሚሽረው ሚኒስትር ካለ ይምጣና እንተያያለን!»