ነፋስ የፈረደለት ቅጠል

በጃፓን፣ ቴንፖ በተባለው ዘመን በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ መፀው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ የሚናሴ ጠረፍ ገደሎች ሁሉ ጹዋቡኪ የሚባለውን የባሕር ዳር ተክል ቢጫ አበባ ለብሰው ነበር። ተክሉ ለዓሣ አጥማጁ የድስት ቅጠል፣ ለባላባቱ ግን የክብር መለኪያ ነው፤ የገደሉ ወፍ ዘራሽ ቅጠሉ ክብና ደማቅ አረንጓዴ ሲሆን፣ በቤተ መንግሥቱ አታክልት የሚያድገው አንዱ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ ሌላው ነጭ የተቀባ፣ ከሁሉ የሚከበረውም ወርቃማ ኮከብ የተዘራበት ነበር።

የሴቶ ቤት ልጅ ኢሳ ከአባቷ ያገኘችውን ባለ ኮከብ የተከለችው ከገደሉ ጫፍ ነው፤ መንደሩም ሳቀባት።

«አንቺ ልጅ፣» አለች ጎረቤቷ አሮጊቷ ቶራ የወፍ ዘራሹን አገዳ እየላጠች፣ «ሐር ለብሶ ዓሣ ማጥመድ አሁን ገና አየሁ! ኮከብም ይኑረው ጨረቃ፣ ማዕበል ሳይወስደው ስጪኝና ከዓሣ ጋር ልቀቅለው።»

«እማማ ቶራ፣ ይህን ከቀቀሉማ አባቴን ቀቀሉ ማለት ነው።»

አባቷ ሴቶ ካንሱኬ የመስፍኑ የአታክልት ሹም ነበሩ። አንድ ጊዜ በሸንጎ ፊት «ይህ ተክል የባሕር ልጅ ነው፤ ከጣራ ሥር አቀማጥለን ካሳደግነው አንድ ቀን ያሳፍረናል» ቢሉ፣ ምክትላቸው ኦካቤ ሞንዛ ቃላቸውን በቤተ መንግሥቱ ላይ የተሰነዘረ ዘለፋ አድርጎ አቀረበው፤ ሹመታቸው ተገፎ ለእሱ ተሰጠ፤ እሳቸውም ከደጃፋቸው እንዳይወጡ ታዘዘ። አሁን አልጋ ይዘዋል። ኢሳ የምትመኘው አባቷ ሳይሞቱ ያ ደጅ እንዲከፈትላቸው ብቻ ነበር፤ ተስፋዋም ለባላባት ቤቶች ሁሉ ክፍት የሆነው የመስፍኑ የተክል ውድድር ነው።

ውድድሩ ሲቃረብ ከደቡብ ብርቱ ነፋስ ተነሣ፤ የባሕሩን ጨው ተሸክሞ የቤተ መንግሥቱን አታክልት መከለያ ገነጣጠለ። ጋብ ሲል ኢሳ ወደ ገደሉ ሮጠች። ባለ ኮከቡ አንድ ቅጠሉ ተቀዷል፤ ሥሩ ግን ድንጋዩን እንደ ጨበጠ ነበር። ተንበርክካ አለቀሰች፤ ከነአፈሩም ነቅላ በቅርጫት ተሸከመችው።

በውድድሩ ቀን፣ ከታላቁ ከተማ ከኤዶ በመጡት እንግዶች ፊት የተደረደሩት የኦካቤ ተክሎች ከጨዋማው ነፋስ የተነሣ እሳት እንደ ላሳቸው ጠቁረው ነበር። ኢሳ ቅርጫቷን ከመሐላቸው አኖረች።

«የተቀደደ ቅጠል በመስፍን ፊት!» አለ ኦካቤ። «ዕቃው እንደ ባለቤቱ!»

«ተቀዷል፣ ጌታዬ፣» አለች ኢሳ አንገቷን ደፍታ፤ «አልተቃጠለም እንጂ።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በማራገቢያው ሸፈነ። መስፍኑ ግን ሳይሸፍኑ ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚያም የጠቆሩትን ተክሎች አይተው ወደ ኢሳ ዞሩ።

«ይህን ያስተማረሽ ማን ነው?»

«ከደጁ እንዳይወጣ የታዘዘ ሰው ነው፣ ጌታዬ።»

መስፍኑ ያንን የሸንጎ ቃል አስታውሰው ወደ ኦካቤ ዞሩ። «እንግዲያው ይውጣ፤» አሉ፤ «ወንበሩም ይመለስለት።»

በዚያው ቀን ዓሣ አጥማጆቹ ካንሱኬን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ገደሉ አወጧቸው፤ ከፊት ቶራ እየጨፈረች «እዩዋቸው! አልቀቀልኳቸውም!» ትል ነበር። ሽማግሌው የባሕሩን ነፋስ በአፋቸው ሙሉ ሳቡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የልጃቸውን እጅ በሰው ፊት ያዙ።

ተክሉ ወደ ኤዶ የሄደው በመስፍኑ ስም ተሰይሞ ነው፤ የኢሳን ስም የጻፈ የለም። ሆኖም የዚያ ዘር አሳዳጊዎች በየመፀው ተክላቸውን አንድ ቀን አውጥተው ለባሕር ነፋስ ይሰጡታል። ስለ ምን ቢሏቸው፣ «የአባቶች ልማድ ነው» ይላሉ፤ ልማዱ የአንዲት ሴት ልጅ መሆኑን ግን አያውቁም።