በጀልባዋ ሆድ ውስጥ

ደብሪቱ ቀኝ እጇን እስከ ትከሻዋ ድረስ በጠባቡ ቀዳዳ አስገብታ፣ ጉንጯን ከጀልባዋ ወለል ላይ ለጥፋ፣ ትንፋሿን ይዛለች። ጣቶቿ ከታች የነኩት ነገር እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ ተንሸራተተ። ዝገት፣ አሸዋና የቤንዚን ዝቃጭ ነበር። በእንጨት መፋቂያ ጠራርጋ በጨርቅ ሰበሰበችውና እጇን አወጣች። ብድግ ብላ ከጀልባዋ ጠርዝ በላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየር ሳበች። ራሷን እያዞራት ነበር።

ጀልባዋ የቆመችው ውሃ ላይ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከጣልያኖቹ ምሽግ በታች ባለው ጋራዥ፣ በግንዶች ላይ ተደላድላ ነው። ወታደር ዓባይን የሚሻገርባት ባለ ሞተር ጀልባ ናት። ወንዙ መሀል ሞተሯ እየጠፋ ስላስቸገረ በካሚዮን ጭነው አመጧት። ጥፋቱ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ መቆሸሽ ነበር። ማጠራቀሚያው ከሆዷ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ተነቅሎ አይወጣም፤ ክዳኑን ፈቶ በእጅ ከመጥረግ ሌላ መላ የለውም። ከጋራዡ ሰው ሁሉ በዚያ ቀዳዳ የሚገባ ክንድ የተገኘው የዐሥራ አምስት ዓመቷ ደብሪቱ ነበር።

መካኒኩ ሲኞር ብሩኖ ሥራውን ሲያሳያት አጥብቆ አስጠንቅቋታል። መጀመሪያ ቤንዚኑ በፓምፕ ተቀድቶ በርሜሉ ከግቢው ይርቃል። ከዚያ ክዳኑ ተከፍቶ ነፋስ ይገባዋል። ብረት አይነካውም። እሳት የሚባል ነገር በአጠገቡ አያልፍም። ውሃ የሞላ ባልዲና አሸዋ ሁልጊዜ ከጀልባዋ ሥር ይቀመጣሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ሠራተኛ ፊቱ ሲቃጠል ያየ ሰው ነው።

«የቤንዚን ትንፋሽ ከባድ ነው» ብሏት ነበር በተሰባበረ አማርኛው። «ታች ይተኛል። አንቺ አታይም። እሱ እሳት ያያል።»

ደብሪቱ ዛሬ እዚህ መሆን አልነበረባትም። ቅዳሜ ነው፤ ይጁቤ ገበያ ላይ መሆን ነበረባት።

ታላቅ ወንድሟ አስማማው ጣልያን ከገባ ጀምሮ ዱር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑን አላየችውም። ባለፈው ሳምንት ግን ቄስ መስሎ፣ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ ቅዳሜ ይጁቤ ገበያ እንደሚወርድና ሊያያት እንደሚፈልግ በሰው ላከባት። ጋራዡ ውስጥ ወንድም እንዳላት የሚያውቅ አልነበረም። ሲጠይቋት «የለኝም» ትላለች። ወንድሟ ዱር እያደረ እሷ የጠላቱን ጀልባ ትጠርጋለች።

የሚያውቀው አንድ ታረቀኝ ብቻ ነው። ታረቀኝ የአክስቷ የሥራነሽ ልጅ ነው፤ እናቷ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ገበታ እየበሉ አድገዋል። ጣልያንኛ ስለሚያውቅ የጋራዡ አስተርጓሚ ሆኗል። ቅዳሜ ከሥራ ስትቀር ምክንያት እንዲፈልግላት ለእሱ ነገረችው። ደስታውን ለብቻዋ መያዝም አቅቷት ነበር።

«ሂጂ» አላት ያኔ። «እኔ አለሁልሽ። አስማማውን ሳሚልኝ።»

ትናንት ማታ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም። «ሲኞር ብሩኖ እምቢ አለ» አላት። «ማጠራቀሚያው ነገ ካላለቀ ሁላችንንም ያስሩናል ብሏል። ምን ላድርግ? ለአስማማው እኔ ሰው እልክበታለሁ።» ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ መጣች።

እጇን ለሁለተኛ ጊዜ ልታስገባ ስትል ሲኞር ብሩኖ በበሩ ገባ። ሲያያት ቆመ።

«ደብሪቱ? ዛሬ ለምን?»

«ጀልባዋ ዛሬ ታልቅ ብለዋል አይደል?»

«እኔ?» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ጀልባ የሚሄድ ሐሙስ። እኔ ለታረቀኝ ነገርኩ፤ ቅዳሜ ደብሪቱ እረፍት። እሺ አለ።»

ደብሪቱ መፋቂያውን አስቀመጠች። አልሰማሁዎትም ልትለው ፈለገች፤ ግን በደንብ ሰምታዋለች።

ያኔ የካሚዮን ድምፅ መጣ። ከገበያው መንገድ የተመለሰ የወታደር መኪና ነበር፤ ቤንዚን ሊሞላ ወደ ግቢው ታጥፎ ቆመ። ከኋላ እጃቸውን የታሰሩ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ነጭ ለብሷል። ጥምጥሙ ተፈትቶ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቅንድቡ ላይ ደም ደርቋል።

አስማማው ነበር።

ከጀልባዋ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። መኪናው ጎን ስትደርስ አንድ ወታደር በጠመንጃው አገዳት። አስማማው አያት። አልጮኸባትም፤ ፊቱም አልከፋም። እንደ ታመመ ሰው በዝግታ ጠየቃት።

«ደብሬ፣ ለማን ነገርሽ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት የመኪናው የፊት በር ተከፈተ። ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ የመጣው ሰው ወረደ። አዲስ የወታደር ቡትስ ጫማ አድርጓል። ታረቀኝ ነበር። ከመኪናው ጀርባ ያሉትን ሰዎች ላለማየት አንገቱን አቀርቅሮ ወደ ሲኞር ብሩኖ ሄደ።

መኪናው ቤንዚን ሞልቶ ወደ ምሽጉ ወጣ። ደብሪቱ ዞራ ከጀልባዋ ጀርባ፣ ባልዲው አጠገብ ቁጭ አለችና አስመለሳት። የቤንዚኑ ሽታ ይሁን ሌላ ነገር አላወቀችም።

«ደብሪቱ! የት ነሽ?»

የቡትሱ ድምፅ ቀረበ። ታረቀኝ እዚያው ውስጥ የተኛች መስሎት ጀልባዋ ላይ ወጣ። ብድግ ስትል ተያዩ። እሱ ከተከፈተው ቀዳዳ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ስሚኝ» አለ። «ከእኛ ቤት ዱር የገባ እንዳለ ደርሰውበት ነበር። እናቴን እንወስዳለን አሉኝ። ምን ላድርግ? አይገድሉትም፤ ምለውልኛል።»

ደብሪቱ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አንቺን ደግሞ እዚያ እንዳያገኙሽ ነው እዚህ ያቆየሁሽ። ለአንቺ ብዬ ነው የዋሸሁት። ይሄን እንኳ አታይልኝም?»

«ሳሚልኝ ብለኸኝ ነበር» አለች ደብሪቱ።

ታረቀኝ ፊቱን አዞረ። ከኪሱ ሲጃራ አወጣ። ከዚያ ክብሪት።

ደብሪቱ የሚያደርገውን አየች። እሱ ማጠራቀሚያው ታጥቦ ያለቀ መስሎታል። ገና አሁን ነው ዝቃጩን የቆሰቆሰችው፤ የቤንዚኑ ትንፋሽ ከጀልባዋ ሆድ፣ ከእግሩ ሥር ተኝቷል። እሷ ውጭ ናት። ሦስት እርምጃ ብትርቅ ምንም አይነካትም። ማንም «ለምን አልነገርሽውም?» አይላትም። የአስማማው ቅንድብ ታያት። ሦስት እርምጃው ታያት።

«አትጫር!» አለች።

«ተይኝ እስቲ፣ አንዷን ብቻ…»

ባልዲውን አንስታ ቸለሰችበት። ውሃው ከራሱ እስከ ጭኑ ወረደ። ክብሪቱ ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንሳፈፈ። ታረቀኝ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው፤ ሽታው አሁን ገና አፍንጫው ደረሰ። ቀዳዳውን አየ፣ ክብሪቱን አየ። ከንፈሩ ነጣ።

«ልሞት ነበር» አለ። ቀጥሎ ማልቀስ ጀመረ። «ደብሬ… ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?»

«ጫማህን አውልቀህ ውረድ» አለችው። «ሚስማር አለው፤ እሳት ይጭራል።»

ቡትሱን በእጁ ይዞ፣ እየተንጠባጠበ ወረደ። እሷ ወጥታ መፋቂያውንና ጨርቁን ሰበሰበች፤ ክዳኑን ነፋስ እንዲገባው ክፍቱን ተወችው። ሲኞር ብሩኖን በሩ ላይ አገኘችው።

«እስከ ነገ እሳት እንዳይጠጋው» አለችው። «የቀረውን ሌላ እጅ ይፈልጉለት። እኔ ከእንግዲህ አልመጣም።»

ሰውየው የሆነ ነገር ሊጠይቃት ፈልጎ ነበር፤ መንገዱን ለቀቀላት።

እጇን በአመድ ብታሽ፣ ብታሽ ሽታው አልለቅ አላት። ለምሳ ይዛው የነበረውን ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ምሽጉ ወጣች። በሩ ላይ ስንቅ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። የጋራዡ ልብስ አጣቢ ወለተ ሰንበት የታጠበ የወታደር ልብስ ተሸክማ ስታልፍ አየቻትና ቆመች። ጋራዡ ውስጥ ዘወትር ስለ ዘመዶቿ የምትጠይቃት እሷ ነበረች።

«ለማን ነው?» አለ ዘበኛው።

ደብሪቱ የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ለአስማማው እንዳላማው» አለች። «እህቱ ነኝ።»

ወለተ ሰንበት የተሸከመችው ልብስ ሊወድቅ ሲል በጉልበቷ ደገፈችው። ዘበኛው ዳቦውን ቆራርሶ አገላብጦ አየና በእጁ እስረኞቹ ወዳሉበት የሽቦ አጥር አመለከተ።

አስማማው ከሌሎቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ እስኪመጣ ጠበቀችው። ሌላ ነገር ካስቀደመች ልቧ እንደሚከዳት አውቃለች።

«ለታረቀኝ ነው የነገርኩት» አለች። «ሌላ ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ የነገርኩት።»

አስማማው ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ የጠቆሩ ጥፍሮቿን፣ እስከ ክርኗ የደረሰውን ዝገት አየ። ከኋላው አንድ ሰው አሳለ።

«ምሳ በልተሻል?» አላት።

«አልበላሁም።»

ከሰጠችው ዳቦ ግማሹን በሽቦው መሀል መለሰላት። ዘበኛው ሰዓቱ አልቋል ብሎ ሌሎቹን ሴቶች መመለስ ጀመረ። ደብሪቱ ዳቦውን ይዛ ሽቦው ሥር፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘበኛው መጥቶ እስኪያስነሣት ድረስ ልትቆይ።